ልጅዎ የጥርስ ሐኪም እንዳይፈራ፦ ከቤት እስከ ወንበሩ

«ልጄን ጥርሱን ያመዋል፤ ክሊኒክ ስንደርስ ግን የበሩን መዝጊያ ይዞ አልገባም ይላል። ከገባም አፉን አይከፍትም። ምን ላድርግ?» ይህ ጥያቄ ከደብረ ማርቆስም፣ ከሞጣም፣ ከቡሬም፣ ከዳንግላም ቃሉ ሳይለወጥ ይመጣል። መልሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስለማያልቅ ከ1 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆነውን በቅደም ተከተል ከዚህ በታች አስቀምጠነዋል። ሥራው በአብዛኛው የሚያልቀው ቤት ውስጥ ነው፤ ወንበሩ ላይ የሚቀረው ትንሽ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የልጁ ጉንጭ ወይም ከአገጩ ሥር ያለው ቦታ ካበጠ፣ ትኩሳት ካለው፣ አፉን መክፈት ወይም ምራቁን መዋጥ ካቃተው፣ ወይም እብጠቱ ወደ ዓይኑ ከተጠጋ ይህን መመሪያ ይተዉትና በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይውሰዱት። መተንፈስ ከከበደው ደግሞ ሌሊትም ቢሆን አይደር። ከጥርስ ሥር የተነሣ መግል ወደ አንገት ሊወርድ ስለሚችል ፍርሃቱን ቀስ እያሉ የሚያስለቅቁበት ጊዜ የለም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለስላሳ የልጅ የጥርስ ብሩሽ። መፋቂያ ለትልቅ ልጅ ጥሩ ነው፤ ለትንሽ ልጅ ግን ጫፉ ድዱን ይወጋውና «አፌ ውስጥ የሚገባ ነገር ያማል» የሚለውን ያስተምረዋል።
- ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና፦ ከ3 ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ ያህል
- የእጅ መስታወት፣ የሻይ ማንኪያ፣ ባትሪ (የስልክ መብራትም ይሆናል)
- አሻንጉሊት፤ ከጨርቅ የተሠፋም ይበቃል
- ልጁ የለመደው ነጠላ ወይም ጋቢ
- የሕክምና ካርዱ፣ የሚወስደው መድኃኒት ካለ ከነማሸጊያው
- ለመልስ ጉዞ፦ ውኃ፣ እርጎ ወይም የቀዘቀዘ አጥሚት፣ ሶፍት

1. ሳያመው ይውሰዱት

ከሁሉም በላይ ውጤት ያለው እርምጃ ይህ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚዘለለውም ይህ ነው። ልጁ ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሮ፣ ጉንጩን ይዞ፣ እንቅልፍ አጥቶ ከገባ የመጀመሪያ ትዝታው ሕመም፣ መርፌና መንቀያ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ነጭ ጋውን ባየ ቁጥር ያ ቀን ይመጣበታል።

የመጀመሪያው ጉብኝት የሚመከረው ልጁ 1 ዓመት ሳይሞላው ነው። ያ ካለፈ ምንም በማያመው ቀን ይውሰዱት፤ ያን ቀን ማየትና መቁጠር ብቻ እንጂ ሌላ ሥራ አይሠራም።

«የወተት ጥርስ ነው፣ ራሱ ይወልቃል» ብለው የሚያቆዩ ወላጆች ብዙ ናቸው። የወተት ጥርስ 20 ነው፤ የኋለኞቹ የሚወልቁት ከ10 እስከ 12 ዓመት አካባቢ ነው። የ5 ዓመት ልጅ የተበላ መንጋጋ ይዞ እስከዚያ ድረስ አይቆይም፤ መሐል ላይ ያመዋል። በዚያ ላይ በ6 ዓመት አካባቢ ከወተት ጥርሶቹ ኋላ፣ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ፣ ቋሚ መንጋጋ ይበቅላል። ብዙ ቤተሰብ ይህንንም የወተት ጥርስ እየመሰለው ሲበላ ዝም ይለዋል፤ እሱ ከተነቀለ ምትክ የለውም።

2. ቀድመው ብቻዎን ይጠይቁ

የጥርስ ክፍል በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ ከገጠር ቀበሌ ተነሥቶ ደርሶ መመለስ እንዳይሆን ይደውሉ፣ ወይም ለሌላ ጉዳይ ወደ ከተማ ሲወጡ ጎራ ይበሉ። የሚጠይቁት አራት ነገር ነው፦

ሕፃናትን ያያሉ? ወላጅ አብሮ ይገባል? የመጀመሪያውን ቀን ማየት ብቻ ይቻላል? ከመርፌ በፊት ድድ ላይ የሚቀባ ማደንዘዣ አለ?

ለሁለተኛው ጥያቄ «ወላጅ ውጭ ይጠብቃል» ካሉዎት፣ ልጁም ከ6 ዓመት በታች ከሆነ፣ ሌላ ቦታ ቢፈልጉ ይሻላል። ልጁ ቀድሞ እንጥሉ ተቆርጦ ወይም ግጉ ተነቅሎ እንደሆነ፣ ሲከተብም ከባድ ጩኸት ካለው፣ ይህን አሁን ይንገሩ። ሐኪሙ ወደ አፉ የሚገባበትን ፍጥነት የሚወስነው በዚህ ነው።

3. ቃላትዎን ይምረጡ

የልጅ ፍርሃት መጀመሪያ የሚገባው በጆሮው ነው።

«ዝም ካላልክ መርፌ አስወጋሃለሁ» የምትለዋን ማስፈራሪያ ከዛሬ ጀምሮ ከቤት ያውጡ። ለጎረቤትም ለአያትም ይንገሩ። ሐኪምን ዓመቱን ሙሉ ከጅብ ጋር እኩል አስፈራርተውበት አንድ ቀን «ጥሩ ሰው ነው» ቢሉት አያምንዎትም።

«አያምህም» አይበሉ። ትንሽ ካመመው ውሸታም ሆኑ፤ ቀጥሎ የሚሉትን ሁሉ ይጠራጠራል። «አላውቅም፤ የሚያምህ ነገር ካለ ሐኪሙ ቀድሞ ይነግርሃል» እውነትም ነው፣ ያረጋጋልም።

«አይዞህ»ን በቁጥር ይጠቀሙበት። በእኛ አነጋገር አይዞህ የሚባለው ክፉ ነገር ለገጠመው ወይም ሊገጥመው ለተቃረበ ሰው ነው። ልጅ ይህን ያውቃል። ምንም ሳይደረግ ወንበሩ ላይ አሥር ጊዜ «አይዞህ፣ አይዞህ የኔ ጌታ» ሲባል የሚመጣውን ክፉ ነገር መፈለግ ይጀምራል። አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ የሠራውን ይንገሩት፦ «አፍህን በደንብ ከፍተሃል፣ እስከ ስድስት ቆጠርን።»

መርፌን «እንደ ቁንጥጫ ነው» ብለው አይመስሉ። ቁንጥጫ እኛ ቤት ቅጣት ነው፤ ልጁ ምን አጥፍቼ ነው ይላል። «ቢምቢ ስትነክስ ያህል፣ አምስት እስክትቆጥር» ይሻላል። መደንዘዝን ለማስረዳት ደግሞ እግሩን አጥፎ ብዙ ሲቀመጥ የሚሰማውን ያስታውሱት፤ ያንን ሁሉም ልጅ ያውቀዋል።

መቼ ይነገረው? ከ3 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ በዋዜማው ማታ ወይም በዕለቱ ጠዋት፤ ከ6 ዓመት በላይ ከሆነ ከ2 ወይም 3 ቀን በፊት። ከዚያ በፊት ከነገሩት የፍርሃቱን ቀን ያረዝሙበታል። ሳይነግሩ መውሰድ ግን የባሰ ነው።

4. ሰባት ቀን ቤት ውስጥ ያለማምዱት

በቀን 5 ደቂቃ፣ ልጁ በልቶ ሲጫወት፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት። የማያውቀው ነገር ሁሉ ክሊኒክ ውስጥ በአንድ ጊዜ ከሚወርድበት አንዱን አንዱን እዚህ ይልመደው፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ቀን 1። እርስዎ አፍዎን ይክፈቱ፣ እሱ ይቁጠር። ባትሪውን ይያዝ። በዚህ ቀን የልጁ አፍ አይነካም።

ቀን 2። መስታወቱን እሱ ይዞ እያየ በማንኪያው እጀታ የፊት ጥርሶቹን ብቻ ይቁጠሩ። ማንኪያውን መጀመሪያ በእጁ ያስይዙት፣ ጥፍሩን ነካ ያድርጉበት፣ ከዚያ ወደ ጥርሱ ይሂዱ።

ቀን 3። በጀርባው ያስተኙት፤ አልጋ ወይም መደብ ላይ፣ ራሱ በጉልበትዎ ላይ። ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ልጅ ተጋድሞ ከላይ ሰው ሲያጎነብስበት መሸሻ ያጣ ይመስለዋል። መብራቱን በእጁ ላይ፣ ከዚያ በአገጩ፣ በመጨረሻ በአፉ ላይ ያብሩ፤ ዓይኑ ላይ ግን አያብሩ።

ቀን 4። አፍ ተከፍቶ በአፍንጫ መተንፈስ። ቡና ተቆልቶ ሲዞር ጭሱን ወደ አፍንጫችን እንደምንስበው በቀስታ ይሳብ፣ ትኩስ ሾርባ እንደሚያበርድ በቀስታ ይልቀቅ። አምስት ጊዜ። ከዚያ አፉን ከፍቶ የመጀመሪያውን ብቻ ይድገም። በአፍንጫ መተንፈስ ያልቻለ ልጅ ውኃ አፉ ውስጥ ሲገባ የታፈነ ስለሚመስለው ነው የሚደነግጠው። ጉንፋን ከያዘው ቀጠሮውን ያራዝሙ።

ቀን 5። የማቆሚያ ምልክት። ግራ እጁን ሲያነሣ እርስዎ ወዲያው እጅዎን ያነሣሉ። ግራ የሆነው ሐኪሙ ብዙ ጊዜ በቀኝ በኩል ስለሚቆም ነው፤ የቀኝ እጅ ከመሣሪያው ጋር ይጋጫል። ሦስት አራት ጊዜ ይፈትንዎት። አንድ ጊዜ እንኳ እጁን አንሥቶ ካላቆሙ ምልክቱ ሞተ።

ቀን 6። ድምፁ። መሰርሰሪያው ያፏጫል፣ ጥርስ ላይም ይንቀጠቀጣል። በንብ አይመስሉት፤ የጎጃም ልጅ ንብ እንደምትናደፍ ከማንም በፊት ያውቃል። ፀጉር ቤት ያለው ቶንዶስ ይሻላል። ጆሮው ሥር ሲደርስ እንዴት እንደሚያንዘረዝረው፣ ግን እንደማይቆርጠው ያስታውሱት። የቶንዶሱን ድምፅ በስልክ ቀርጸው አሻንጉሊቱን እያከሙ፣ ቀነስ አድርገው ጀምረው ከፍ እያደረጉ ያሰሙት።

ቀን 7። ልጁ ሐኪም፣ አሻንጉሊቱ በሽተኛ። እርስዎ ዝም ብለው ይመልከቱ። አሻንጉሊቱን ከደበደበ ወይም አስገድዶ አፉን ከከፈተ የትኛው ቀን እንዳልገባው ያያሉ፤ ወደዚያ ይመለሱ።

በአንዱ ቀን ልጁ እምቢ ካለ ወደፊት አይሂዱ፤ ያለፈውን ቀን ደግመው እዚያው ያቁሙ።

5. ቀኑንና ሰዓቱን ይምረጡ

ጠዋት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ጥሩ ነው። ትንሽ ልጅ ከሰዓት በኋላ ደክሞት ስለሚነጫነጭ በጠዋት የሚችለውን ከሰዓት አይችልም። የገበያ ቀን አይሂዱ፤ ወረፋው ይረዝማል፣ ሐኪሙም ይቸኩላል።

ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ብሎ ቀለል ያለ ቁርስ ይብላ። በባዶ ሆድ መርፌ ከተወጋ ራሱን ሊያዞረው ይችላል፤ በጣም ከጠገበ ደግሞ መስታወቱ ምላሱን ሲነካው ያስታውከዋል። ጾም የጀመረ ልጅ ከሆነ ለንስሐ አባታችሁ ቀደም ብለው ይንገሩና የዚያን ቀን ይብላ። ልጁ በማደንዘዣ ሙሉ በሙሉ እንቅልፍ ወስዶት የሚታከም ከሆነ ግን ሕጉ የተገላቢጦሽ ነው፦ ሆስፒታሉ ከነገረዎት ሰዓት በኋላ ምንም እንዳይቀምስ፤ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

በሚኒባስ ወይም በአውቶቡስ ርቆ የሚመጣ ልጅ ወርዶ ቢያንስ 1 ሰዓት ይረፍ። መንገድ ላይ ያስታወከው ልጅ አፉ ውስጥ ምንም ቢገባ ያቅለሸልሸዋል።

ሦስት ጊዜ መመላለስ ለማይችል ቤተሰብ የሚሠራ ዘዴ አለ። ጠዋት ገብቶ ጥርሱ ይቆጠር፣ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ይውረድ፣ ከዚያ ወጥታችሁ ተዘዋወሩ፤ ከሰዓት በኋላ ለሥራው ተመልሶ ይግባ። «ገብቼ ወጣሁ» ብሎ የተመለሰ ልጅ ሁለተኛ ሲገባ ሌላ ልጅ ነው። ክሊኒኩን አስቀድመው ያስፈቅዱ።

6. አብሮት የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ይሁን

ዘመድ ተከትሎ መሄድ ደግ ልማድ ነው፤ የጥርስ ክፍል ውስጥ ግን አራት ሰው አራት ዓይነት «ክፈት፣ አትፍራ፣ ዝም በል፣ ወንድ አይደለህም እንዴ» ሲል ልጁ የማንን ይስማ? የሚረጋጋው ሰው ይግባ። እናት ራሷ ጥርስ ሐኪም የምትፈራ ከሆነ አክስት ወይም አጎት ይግባ፤ የእጅዎን መንቀጥቀጥ ልጁ ይሰማዋል። ከገቡ በኋላ የሚናገረው ሐኪሙ ነው፣ እርስዎ እጁን ይይዛሉ።

7. ወንበሩ ላይ

ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ወንበሩ አያስፈልገውም። እርስዎና ሐኪሙ ፊት ለፊት ጉልበት ለጉልበት ገጥማችሁ ትቀመጣላችሁ። ልጁ ወደ እርስዎ ዞሮ፣ እግሮቹን በወገብዎ ግራና ቀኝ አድርጎ ይቀመጥና ወደኋላ ተጋድሞ ራሱ በሐኪሙ ጉልበት ላይ ያርፋል። እጆቹን እርስዎ ይይዛሉ፣ ፊትዎን እያየ ነው። ቢያለቅስም አትደንግጡ፤ ሲያለቅስ አፉ ይከፈታል፣ ምርመራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከ3 ዓመት በላይ ከሆነ ነጠላውን ደረቱ ላይ ጣል ያድርጉለት፤ የቤቱ ሽታ አብሮት አለ። ሐኪሙን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ እያንዳንዱን መሣሪያ መጀመሪያ እንዲነግረው፣ ከዚያ በጣቱ ላይ እንዲያሳየው፣ ከዚያ እንዲሠራ። የግራ እጁን ምልክትም ይንገሩት። አብዛኛው ባለሙያ ይህን ያውቀዋል፤ ወረፋ ሲበዛ ግን ስለሚዘለል ማስታወሱ ነውር የለውም።

ተረት ጥሩ ማዘናጊያ ነው። ልጁ የሚወደውን አንድ ተረት መንገድ ላይ ጀምረው ጥሩው ቦታ ላይ ሲደርስ ያቁሙ፤ ቀሪውን ወንበሩ ላይ ይጨርሱት። ጥያቄ አይጠይቁት፣ ለመመለስ አፉን ይዘጋል።

8. መርፌ ወይም መንቀል ካስፈለገ

የሚቀባው ማደንዘዣ ድዱ ላይ ቢያንስ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ይቆይ፤ ቶሎ ከተወጋ መቀባቱ ዋጋ የለውም። ሲወጋ አምስት እየቆጠሩ እግሩን እንዲያወዛውዝ ያድርጉ፤ ራሱን ግን አያንቀሳቅስ።

ከመነቀሉ በፊት አንድ ነገር ያሳዩት። አውራ ጣትዎን ክንዱ ላይ ጫን ያድርጉ፦ «ይህ መጫን ነው።» ከዚያ በጥፍርዎ በትንሹ ነካ፦ «ይህ ማመም ነው።» ማደንዘዣው ሕመሙን እንጂ መጫኑን አያጠፋም። ይህን ያላወቀ ልጅ ጥርሱ ሲገፋ አመመኝ ብሎ ይጮኻል፤ ያወቀ ልጅ «መጫን ነው» ይላል። በእርግጥ የሚያመው ከሆነ ግን እጁን ያንሣ፣ ሐኪሙ ማደንዘዣ ይጨምር። «ደንዝዞሃል እኮ» ብሎ መቀጠል ልጁን ለዓመታት ያስፈራዋል።

9. እምቢ ካለ

አስገድዶ መያዝ ለድንገተኛ ሕመም ብቻ ነው። ሥራው ለሌላ ቀን ሊቆይ የሚችል ከሆነ ይቁም፤ ነገር ግን እየጮኸ እያለ ይዘውት አይውጡ፤ መጮህ እንደሚያድን ይማራል። ቀላል ነገር ይሥራና ይውረድ፦ ሦስት ጥርስ ይቆጠርለት፣ ወንበሩን ራሱ ከፍ ዝቅ ያድርገው። ቀጣዩን ቀጠሮ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ይያዙ። ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ካልሆነ በትልልቅ ሆስፒታሎች በማደንዘዣ እንቅልፍ ወስዶት ስለሚታከምበት መንገድ ሐኪሙን ይጠይቁ።

10. ከታከመ በኋላ

ከተወጋ ከንፈሩና ጉንጩ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ደንዝዞ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ከንፈሩን እንደ ማስቲካ ያኝከዋል፤ አይሰማውም። በማግሥቱ አብጦና ቆስሎ ሲያዩት መርፌው ያበላሸው ይመስልዎታል። በተለይ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ሲወስደው ይከሰታል፤ እስኪለቀው አያስተኙት፣ ምግብም አይስጡት። ሲለቀው እርጎውን ወይም የቀዘቀዘውን አጥሚት ይስጡት፤ ትኩስ ሻይና ቡና አይሆንም።

ከተነቀለ ጥጡን (ጎዙን) 30 ደቂቃ ነክሶ ይያዝ። በየደቂቃው እያወጡ «ቆመ ወይ» ብለው አይዩ፤ የረጋውን ደም ያነሡታል። እስከ ማግሥቱ አይጉመጥመጥ፣ ደጋግሞ አይትፋ፣ በስትሮው አይጠጣ። ምራቁ ሮዝ ቢመስል ችግር የለውም። ደሙ ከፈሰሰ በንጹሕ ጎዝ ሌላ 30 ደቂቃ ይንከስ፤ ካልቆመ ይመለሱ።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል በክብደቱ ነው የሚሰጠው፦ በአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ አይበልጥም። ለምሳሌ 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከ120 እስከ 180 ሚሊግራም ይወስዳል፤ ጠርሙሱ ላይ «በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊግራም» ከተጻፈ ከ5 እስከ 7.5 ሚሊ ሊትር ነው። ጽሑፉን ሳያዩ አይስጡ፣ የሽሮፖቹ መጠን ይለያያል። አስፕሪን ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥም፤ ድድ ላይ ማድረግም ሥጋውን ያቃጥለዋል። አረቄም እንዲሁ።

የተለመዱ ስሕተቶች

- «ገበያ እንሄዳለን» ብሎ ክሊኒክ መውሰድ። ልጁ ከዚያ በኋላ ገበያንም ይፈራል፣ እርስዎንም አያምንም።
- «ካላለቀስክ ከረሜላ እገዛልሃለሁ» ማለት። ጉቦው ራሱ ክፉ ነገር እንዳለ ይናገራል፤ ከረሜላው ደግሞ ለጥርሱ ጠላት ነው። ከሥራው በኋላ እርሳስ ወይም ኳስ ይስጡት፤ ለምን እንደሰጡትም ይንገሩት፦ «እጅህን አንሥተህ ስለነገርከን።»
- «ወንድ አያለቅስም።» ያለቅስ፤ አፉን እስከከፈተ ድረስ ልቅሶው ሥራ አያስቆምም።
- የታላቅ ወንድሙን ጥርስ መነቀል እንዲያይ ማድረግ። ታላቁ ሲቆጠርለት ወይም ሲታጠብለት ይይ፤ ሲነቀልለት አይይ።
- የእርስዎን የድሮ የመንቀያ ታሪክ ማታ ለጎረቤት ልጁ እየሰማ ማውራት። ተኝቷል ብለው አይመኑ።

የቀጣዩ ምርመራ ቀን በ6 ወር ይሁን፣ ወይም ሐኪሙ ባለው ጊዜ። ካርዱ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጻፉን ያረጋግጡ፤ በፈረንጅ የተጻፈ ቀጠሮ ብዙ ቤተሰብ ከሳምንት በላይ አሳስቶ ይመልሳል። ሰዓቱንም «ጠዋት 3» ብለው ያስጽፉ።